ድንጋዩ ሽማግሌ፣ እኔ ልጅ

ዕድሜዬ 81 ነው። ባለቤቴ «83 ነው፤ ሁለቱን የት ጣልካቸው?» ትለኛለች። በዚህ ስንጨቃጨቅ 50 ዓመት ሊሞላን ነው። ዕድሜ ለእኔ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እርሻውን ልጆች ተካፈሉት፣ በሬው ተሸጠ፣ ጥርሴ አለቀ፣ ጉልበቴ ከዳኝ። የቀረችኝ አንዲት ሀብት ሽምግልና ነበረች። ሰው ተጣልቶ ሲመጣ ጋቢዬን አጣፍቼ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ «በኛ ጊዜ» ብዬ ስጀምር ጎረምሳው ሁሉ ዝም ይላል። ባለፈው ጥር እሷንም ተነጠቅሁ። የነጠቀኝ ሰው ቢሆን ከስሼ አስቀጣው ነበር። ድንጋይ ሆነብኝ እንጂ!

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ያለነው ታች ጋይንት ነው። ማሳዬን ከጎረቤቴ ማሳ የሚለየው የተኛ በግ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ነው። አባቴ እሱ ላይ ተቀምጦ ጥሬ ቆርጥሟል፤ እኔም ሞፈር ጠርቤበታለሁ። ከዚህ ውጭ ነገር ፈልጎን አያውቅም። የልጅ ልጄ ግን ዩኒቨርሲቲ ገባና የሥነ ምድር ትምህርት መረጠ። እኔ ሐኪም ሆኖ ጉልበቴን ያይልኛል ብዬ ነበር። ጋይንት ተወልዶ ድንጋይ ለመማር አገር መልቀቅ፣ ቆላ ተወልዶ ፀሐይ ፍለጋ እንደመሰደድ ነው። ብነግረውም አልሰማኝ።

ለእረፍት ሲመጣ መዶሻ ይዞ መጣ። አጥሩን ሊጠግንልኝ ነው ብዬ መረቅሁት። እሱ ግን በማለዳ ወርዶ የድንበሩን ድንጋይ ጫፍ ገምሶ፣ ቁራጩን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ላዩ ላይ ቁጥር ጽፎበት ተመለሰ። «ስንት ድንጋይ ባለበት አገር ምነው የድንበሩን?» አልኩት። «አባባ፣ የሌላው ላዩ በስብሷል። ይሄ ግን ውስጡ ትኩስ ነው» አለኝ። ትኩስ! እንጀራ እንጂ ድንጋይ ትኩስ ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ጎረቤቴ ደግሞ ለነገር የተፈጠረ ሰው ነው። እናቱ የስማዳ ሰው ናት፤ ክርክሩን ከዚያ ነው ያመጣው፤ የኛ አገር ሰው እንዲህ አይደለም። «ድንበር ተገፋ፣ በስንዝር ወደኔ ገባ» ብሎ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደጀ ሰላሙ ላይ አቤት አለ። ሽማግሎች ተሰየሙ። እኔ ሁልጊዜ ከዳኞቹ ወገን የምቀመጠው ሰው፣ ያን ቀን ከተከሳሽ ወገን ተቀመጥኩ። ድንጋዩ ሳይቀር ቁልቁል የሚያየኝ መሰለኝ።

አንዱ ሽማግሌ ጠየቀ፦ «ይህ ድንጋይ እዚህ ከተቀመጠ ስንት ዘመኑ ነው?» እኔ ጉሮሮዬን ጠርጌ «በአያቴ...» ከማለቴ የልጅ ልጄ ከኋላዬ «30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ» አለ። ሰው ሁሉ ዝም አለ። ለእኔ የሚገባኝን ዝምታ እሱ ወሰደው። ከዚያ ጆሯቸው የማይሰማ አንድ አዛውንት ጎንበስ ብለው «እሱ በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ከዚያ በፊት?» አሉ።

ሽማግሌ ከተባለ በኋላ መቁጠር የማይችለውን ቁጥር የሚሰማ ሰው ምን ይላል? «ማን ቆጠረው?» ይላል። እኔም አልኩ። ልጁ ተነስቶ አስረዳ። ድንጋዩ ውስጥ ፖታሲየም የሚሉት ነገር አለ፤ ከሱም አንዱ ዓይነት ቀስ እያለ አርጎን ወደሚባል ጋዝ ይለወጣል። ድንጋዩ ቀልጦ በሚፈስበት ጊዜ ጋዙ ይበንናል። ከረጋ በኋላ ግን የሚፈጠረው ጋዝ መውጫ አጥቶ እዚያው ይታፈናል። እንግዲህ የታፈነውን ጋዝና የቀረውን ፖታሲየም ለክተው ድንጋዩ የረጋበትን ዘመን ያሰላሉ። ሽማግሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንዳቸውም አልገባቸውም። ማታ ለባለቤቴ ሲነግራት ግን «እንደ ጠላ ጋን በለኛ!» አለችው። «እኔስ ባልከፍተውም ሲጉመጠመጥ ሰምቼ ስንት ቀኑ እንደሆነ አላውቅም?» ይኸው፣ 83 የሚሉት ዕድሜ የመጣው በዚህ ዓይነት ስሌት ነው።

የዚያ ፖታሲየም ግማሹ ለመለወጥ ብቻ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል አለን። የመሬት ደብተሬን ጉዳይ ከያዘው ጸሐፊ ጋር ዘመድ ሳይሆኑ አይቀሩም።

እንግዲህ የልጁን ወሬ ላሳጥርላችሁ። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ምድሩ ተተረተረ። ቅልጥ ድንጋዩ እንደምናውቀው እሳተ ገሞራ ከአንድ ተራራ አፍ ሳይሆን ከስንጥቁ ወጥቶ፣ እንደ ክረምት ጎርፍ በሜዳው ተለቀቀ። ከኛ አገር እስከ የመን 600 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሸፈነ፤ ውፍረቱ 2 ኪሎ ሜትር የደረሰበት ቦታም አለ። አብዛኛው የፈሰሰውም በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ነው፤ ይህንንም «በጣም በፍጥነት» ይሉታል። እኔ ስብሰባ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ብዘገይ ግን ጉድ ይባላል።

አሁን የኔን ብሶት ስሙ። ከ60 ዓመት በላይ ከማሳዬ ድንጋይ ለቅሜአለሁ። ክረምት በገባ ቁጥር ምድሩ አዲስ ይወልዳል፤ ለቅሜ ካብ እሠራለሁ፣ በዓመቱ ሌላ ይወጣል። በሴፍቲኔት ጊዜም ያንኑ ድንጋይ ተሸክመን እርከን ሠራን። ሁልጊዜ የምለው «አፈራችን መልካም ነበር፣ ድንጋዩ ነው ያጠፋን» ነበር። ልጁ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አባባ፣ ዋልካውም እኮ ያው ድንጋይ ነው። ባዛልቱ በዝናብና በፀሐይ በስብሶ ነው አፈር የሆነው።» ስለዚህ ዕድሜዬን ሙሉ ድንጋይ ከድንጋይ ላይ ስለቅም ኖሬአለሁ ማለት ነው። ወፍጮውና መጁም ከዚያው ነው፤ እህሉን ስናስፈጭበት የተቆራረሰው ደግሞ እንጀራው ውስጥ ገብቶ ጥርሴን አርግፎልኛል። የሰረቀኝ፣ የመገበኝና ያደኸየኝ አንድ ሰው ሆኖ ተገኘ፤ ማንን ልክሰስ?

አንድ ነገር ግን ወደድኩለት። በገደላችን ላይ ከጥቁሩ አለት መካከል ቀይ መስመር ይታያል። እረኛ ሳለሁ የደም ምልክት ነው እየተባለ ያስፈራሩን ነበር። ልጁ እንዳለው አንዱ ፍሰት ከሌላው ፍሰት በፊት ረዥም ጊዜ ፋታ ሲሰጥ ላዩ በስብሶ አፈር ይሆናል፣ ሣርና ዛፍ ይበቅልበታል፤ ከዚያ ሌላው ፍሰት ይመጣና ጠብሶ ይከድነዋል። ምድሩ ራሱ መሬት ጦም ያሳድር ነበር ማለት ነው። ዛሬ እኛ ማሳችን ተቆራርሶ ተቆራርሶ ለአንድ ዓመት እንኳን ጦም ማሳደር አቅቶናል። እሳቱ ከእኛ የተሻለ ገበሬ ነበር።

ወደ ክርክሩ ልመለስ። ጎረቤቴ ሞኝ አይደለም፤ ቁጥሩ ለእኔ እንደሚጠቅም ገባው። ተነሳና «ድንጋዩ የጉና ቢሆንስ?» አለ። የልጅ ልጄ ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። የጉናው ነገር ለእኔ ትልቁ ቁስል ነው፤ አሁን እነግራችኋለሁ።

ጉና ማለት የኛ አባት ነው። ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ቁመቱ፣ ከደብረ ታቦር እስከ ነፋስ መውጫ የሚያንዘፈዝፍ ብርዱ፣ ጅብራውና ጓሳው፣ ከአንድ ወገኑ ርብና ጉማራ ወደ ጣና፣ ከሌላው ደግሞ ወደ አባይና ወደ ተከዜ የሚያወርደው ውኃ፤ ከሱ በፊት የተፈጠረ ያለ አይመስለንም ነበር። ለካ ጉና ዘግይቶ የመጣ እሳተ ገሞራ ነው፤ ዕድሜው 10 ሚሊዮን ዓመት ከምናምን ብቻ። ያ የጥንቱ ጎርፍ 20 ሚሊዮን ዓመት ያህል ከረጋ በኋላ ከጫንቃው ላይ ወጥቶ የተቀመጠ! የስሜን ተራራ ከጎርፉ ጋር የተወለደ ነው፣ 30 ሚሊዮን። ጮቄ ደግሞ 22 ሚሊዮን።

ጮቄ! የጎጃም ጮቄ! ልጄን የዳርኩት ጎጃም ነው። አማቼ ይህን ወሬ የሰማ ዕለት ስልክ ደውሎ «እንዴት ነው፣ ልጁ ጉና ደህና ነው?» አለኝ። ጉና ላይ የሰማሁት የመጀመሪያው ስድብ ነው። «ከፍታው ይበልጣል» ልለው ፈልጌ አፌን አዘጋጀሁና ጮቄም ያው መሆኑ ትዝ ሲለኝ ስልኩን ለባለቤቴ ሰጠሁ።

ስለዚህ ድንጋዩ የጎርፉ ከሆነ 30፣ የጉና ከሆነ 10 ሚሊዮን። ጎረቤቴ «የጉና ነው» አለ፤ እኔ «የጎርፉ ነው» አልኩ። ጉናን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የካድኩት ያን ቀን ነው። እዚያ ደጀ ሰላም ላይ ሁለት ጥርስ የሌላቸው ሰዎች በ20 ሚሊዮን ዓመት ልዩነት ሲጨቃጨቁ ያየ ልጅ ሁሉ ይስቃል።

የቁጥሩ ነገር ለእኔ በሌላም በኩል ከበደኝ። በልጅነቴ ለምድ ለብሼ፣ ኮሮጆ ይዤ፣ ውሻ እየነከሰኝ ቤተልሔም ወደሚባለው የድጓ ትምህርት ቤት ሄጃለሁ፤ ባልጨርሰውም ባሕረ ሐሳብ ትንሽ ቀምሻለሁ። ዘንድሮ 2018 ነው። 5500 ሲደመርበት 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል፤ ለአራት ሲካፈል ሁለት ይተርፋል፣ ዘመነ ማርቆስ። ይህን ያህሉን በጣቴ አደርሰዋለሁ። ታዲያ ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣኝ 30 ሚሊዮኑን ለአራት አካፈልኩት። ስሌቱ እዚህ እንደማያገባ አውቃለሁ፤ እጄ አላርፍ ብሎኝ ነው። አንድም ሳይተርፍ ሄደ። ዮሐንስ ወጣ! ጠዋት ለመሪጌታው ብነግረው ሳይስቅ አየኝና «ሰውዬ፣ ገና ፀሐይ ሳይፈጠር ያለው ቀን ስንት ሰዓት እንደነበር ማን ነገረህ?» አለኝና ወደ ቅኔው ተመለሰ። እሱ አልተጨነቀም። የተጨነቅሁት እኔ ነኝ፤ ዕድሜዬ የተነካው የኔ ነዋ።

ደግሞ ለዚህ ለአገራችን አለት ስሙን ማን እንዳወጣለት ታውቃላችሁ? በ1860 ዓፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ፣ ከደብረ ታቦር አስነስተው በጋይንት አድርገው፣ በቤተ ሖር አልፈው፣ ጅዳን ወርደው፣ ደላንታን ወጥተው መቅደላ አስገቡት። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ፈጀ። መንገድ አልነበረም፤ ገደሉ እየተፈለጠ ነው የተሠራው። የቅድመ አያቴ አባት ገመዱን ከጎተቱት አንዱ ነበር ይባላል በኛ ቤት፤ ከዚያ ወዲህ የቤተሰባችን ሰው ሁሉ ወገቡን ያመዋል። ከኋላ እንግሊዞች መጡ። ከነሱ ጋር ወታደር ብቻ አልነበረም፤ ብላንፎርድ የሚባል የድንጋይ ሊቅም አብሮ ዘምቷል። የተራራውን አለት አይቶ የታችኛውን «አሸንጌ»፣ የላይኛውን «መቅደላ» ብሎ ሰየመው፤ በ1870 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መጽሐፍ አድርጎ አወጣው። የሥነ ምድር ሰዎች እስከ ዛሬ ስሙን ይጠቅሱታል። ዘውዱንና ብራናውን ወሰዱ፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ድንጋዩን ግን መውሰድ ስላልቻሉ ስም ሰጥተውት ሄዱ። በሺህ ክንድ ጎትተን ገደሉን የፈለጥነው እኛ፣ ክርስትናውን ያነሳው እሱ! ጋይንት የሚባል አለት የለም። ጠይቄአለሁ።

ሴባስቶፖል እንኳን እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ አለ። እሱን ማንም አልተሸከመው።

ማታ እሳት ዳር ስንሆን ደግሞ ልጁ ሌላ ያመጣል። ዘንድሮ ዝናቡ ቶሎ ወጣ እያልኩ ሳማርር ነበር። «በክፉ ቀን እንደ እኛ ያየ የለም» አልኩ፤ የ77ቱን ረሃብ ማለቴ ነው፤ ጋይንትና ስማዳ ያንን የማያውቅ ቤት የለም። ልጁ ምን አለ? «አባባ፣ የዛሬ 74 ሺህ ዓመት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ቶባ የሚባል እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ከሱ የተነሳ ብርጭቆ የመሰለ ብናኝ፣ ከፀጉር የቀጠነ፣ መተማ አጠገብ ሽንፋ ወንዝ ዳር ሰዎች ከሰፈሩበት ቦታ ላይ ተገኝቷል።» ይህም በ2016 ታተመ አለኝ። በዚያ ጊዜ በጋው ሲረዝም ወንዙ ደርቆ ኩሬ ብቻ ቀረ፤ ሰዎቹ ግን አላለቁም። ከበፊቱ አብልጠው ዓሣ መብላት ጀመሩ። ከሹል ድንጋያቸው ቅርፅ የተነሳም ቀስት ሳይጠቀሙ አልቀሩም ይባላል። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ምጣዱን ትታ ዞረች። «እነሱ ዓሣ በሉ፤ አንተ በ77 ዓሣ አልበላም ጾም ነው ብለህ ልጆቹን...» ብላ ጀመረች። ይህን ወሬ እዚህ ላይ እናቁመው። እሷ የእስቴ ሰው ናት፤ የእስቴ ሰው ነገር አይረሳም።

ጣናንም አልተውልኝም። ጣና ደርቆ ነበር አሉ! ከሐይቁ ሥር የቆየውን ጭቃ በቧንቧ ሰርስረው አውጥተው አዩት፤ ታችኛው ደረጃው ላይ የደረቀ መሬት ምልክት አገኙ። ሞልቶ እንደገና በአባይ መፍሰስ የጀመረው የዛሬ 15 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። የኔ ጥያቄ ቀላል ነበር፦ ያን ጊዜ ግብፅ ለማን አቤት አለች? ልጁ ግብፅ የሚባል መንግሥት እንዳልነበረ ነገረኝ። ለሱ የሚመቸውን ሁሉ «ያኔ አልነበረም» ይለኛል።

የድንበሩ ክርክር በመጀመሪያው ቀን ስላላለቀ ተቀጥሮ ነበር፤ በቀጠሮው ዕለት ጎረቤቴ ስንዝሩን ይዞ ተመለሰ። እኔም ልጁ ያስታጠቀኝን ይዤ ቀረብኩ። «ሽማግሎች ሆይ» አልኩ፤ «በ1998 መስከረም አፋር ውስጥ ዳባሁ ከሚሉት ተራራ ሥር ምድር ተሰንጥቃ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት፣ በጥቂት ሳምንታት እስከ 8 ሜትር ተከፈተች። እዚያ ሽማግሌ ተሰየመ? ባለፈው ኅዳር 14ም እሑድ ቀን ኃይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ፣ በ12 ሺህ ዓመት ውስጥ መፈንዳቱ ያልታወቀው፣ ተነሳና አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን፣ ከዚያም ሕንድ ደረሰ። ሕንድ ድንበሬ ተገፋ ብላ መጣች?» እውነት ለመናገር ንግግሩ ጥሩ ነበር። ከ30 ዓመት ወዲህ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም።

ጎረቤቴ ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ «አያ፣ ምድሩ ራሱ ቢሄድ የእግዜር ነው። አንተ ጋ ያለው ግን መዶሻ ነው» አለ። ሽማግሎቹ ሳቁ። የቆረሱት እነሱ አይደሉ፣ ምን ጨነቃቸው!

ውሳኔው እንዲህ ሆነ። ድንጋዩ እንዳለ ይቆይ፤ የተገመሰው ወገን በኖራ ይቀባ፤ ሁለቱም ወገን ከዚያ ቀለም አንድ ስንዝር ይራቁ፤ እኔ ለካሣ አንድ ገንቦ ጠላ ላውጣ። ዕድሜውን በሚመለከት ደግሞ ቁራጩ ላቦራቶሪ ተለክቶ ውጤቱ እስኪመጣ ለትንሣኤ ማግሥት ተቀጥሯል። ጆሯቸው የማይሰማው አዛውንት ሲነሱ ትከሻዬን ይዘው «አይዞህ፣ ገና ልጅ ነህ» አሉኝ። ለማጽናናት ነው እንጂ ክፋት አልነበረባቸውም።

እንግዲህ መዶሻና ላስቲክ ይዛችሁ ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ ለምትመጡ ልጆች አንድ ልመና አለኝ። የድንበር ድንጋይ አትንኩ። ከማሳው መካከል ያለውን ግን ትኩስም ይሁን የበሰበሰ፣ የጎርፉም ይሁን የጉና፣ የፈለጋችሁትን ያህል ውሰዱ። ጆንያ ከኔ፤ አህያም አበድራለሁ። ብቻ ከክረምቱ በፊት ኑ።